ተለዋዋጩ ቺፕና ጊዜ የማይሰጠው ሜሞሪ

ማንኛውም ዲጂታል መሣሪያ በሁለት ዐበይት ክፍሎች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱም የሚያሰላው ሎጂክና የሚሰላውን የሚይዘው ሜሞሪ ናቸው። ሁለቱም በየፊናቸው እጅግ ቢራመዱም፣ መሐንዲሱን አብዝቶ ያደከመው በመካከላቸው ያለው የጥቂት ሳንቲ ሜትር መንገድ ነው። ይህ አጭር መንገድ ፕሮግራም የሚደረገውን የሎጂክ ቺፕ፣ ማለትም ኤፍ ፒ ጂ ኤ የሚባለውን፣ ጠባዩን እስከ መለወጥ ደርሷል።

ሮስ ፍሪማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ዛይሊንክስ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው በ1984 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተከታዩ ዓመት፣ በ1985፣ ኩባንያው ኤክስ ሲ 2064 የተባለውን ቺፕ አወጣ። በውስጡ የነበሩት የሎጂክ ብሎኮች 64 ብቻ ቢሆኑም ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ ይኸውም የሰርኪዩቱን ቅርጽ የሚወስነው ፋብሪካው መሆኑ ቀርቶ ተጠቃሚው መሐንዲስ እንዲሆን፣ ስሕተት ቢገኝም ቺፑን ሳይጥል እንዲያርመው ነው።

ይህን ነፃነት የተፈታተነው ሜሞሪው ነው። በ1990ዎቹ የተስፋፋው ከሰዓት ምት ጋር የሚሄደው ሜሞሪ በአንድ ምት አንድ ጊዜ ብቻ መረጃ ያስተላልፍ ስለ ነበር ነገሩ እምብዛም አያስቸግርም ነበር። በ2000 ግን ጄዴክ የተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት የዲ ዲ አርን ደረጃ አሳተመ። በዚህ ሥርዓት መረጃ በምቱ መነሻም በመውደቂያውም ይተላለፋል። በአንድ መስመር በሴኮንድ 400 ሚሊዮን ቢት ሲያልፍ የአንዱ ቢት ዕድሜ 2.5 ናኖ ሴኮንድ ነው። በ2007 የወጣው ዲ ዲ አር 3 እስከ 1600 ሚሊዮን ሲደርስ ግን ይህ ዕድሜ ወደ 625 ፒኮ ሴኮንድ ወረደ።

ችግሩ ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ሜሞሪው ከመረጃው ጋር ስትሮብ የተባለ የጊዜ ምልክት ይልካል። በንባብ ጊዜ ስትሮቡ የሚለዋወጠው መረጃው በሚለዋወጥበት በዚያው ቅጽበት ስለሆነ፣ ተቀባዩ የምቱን ሩብ ያህል አዘግይቶ ከቢቱ መካከል ሊያደርሰው ይገባል። መዘግየቱን ከተራው ሎጂክና ከውስጥ መስመሮች ለማበጀት ሲሞከር፣ ንድፉ እንደ ገና በተሰናዳ ቁጥር መስመሩ ይለወጣል፤ መስመሩ ባይለወጥ እንኳ ሙቀትና ቮልቴጅ መዘግየቱን ያናጋሉ። ስለሆነም በቀዝቃዛ ክፍል ያለ እንከን የሠራ ሰሌዳ ሲግል ሊሳሳት ይችላል።

መፍትሔው የመጣው ከቺፑ ጠርዝ ነው። አልቴራ በ2002 ባወጣው ስትራቲክስ ውስጥ ስትሮቡን የሚያዘገይ ቋሚ ሰርኪዩት አኖረ። ዛይሊንክስም በ2004 በቨርቴክስ 4 እያንዳንዱን የመግቢያና የመውጫ እግር 64 እርከን ያለው የመዘግየት መስመር ሰጠው። መስመሩ በ200 ሜጋ ኸርዝ የማመሳከሪያ ምት እየተስተካከለ አንዱን እርከን በ78 ፒኮ ሴኮንድ ገደማ ያጸናዋል። በዚህን ያህል ጊዜ ምልክት በሰሌዳ ላይ የሚጓዘው ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ ግምት ለልኬት ቦታውን ለቀቀ። መሣሪያው ሲበራ ተቆጣጣሪው የታወቀ መረጃ ይጽፋል፤ መዘግየቱን በእርከን እየለወጠም ያነበዋል፤ ንባቡ ትክክል የሚሆንበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ እርከን ለይቶ በመካከላቸው ይቆማል። በዲ ዲ አር 3 ደግሞ የሰዓት ምቱ ከአንዱ የሜሞሪ ቺፕ ወደ ሌላው በተራ ስለሚያልፍ፣ በጽሑፍ ጊዜም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ቺፕ የተለየ መዘግየት ተለክቶ መሰጠት አስፈለገ።

በመጨረሻም በ2009 በወጣው ስፓርታን 6 ተቆጣጣሪው ራሱ በሙሉ ቋሚ ሰርኪዩት ሆነ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ፍጥነቱ አስተማማኝ ነው፣ የሎጂኩም ብሎኮች ለሌላ ሥራ ይተርፋሉ። ይሁን እንጂ ዋጋም ተከፍሎበታል። ሜሞሪው የሚያያዝባቸው እግሮች አስቀድመው ተወስነዋል፤ ውስጡንም እንደ ቀድሞው ከፍቶ ማረም አይቻልም። ልኬቱ ሳይሳካ ሲቀር ንድፉን የሚያገኘው መሐንዲስ በእጁ ያለው «አልተሳካም» የሚል ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከመስመሩ ርዝመት፣ ከመጨረሻው ሬዚስተር ወይስ ከኀይል አቅርቦቱ እንደ ሆነ ለይቶ የሚደርስበት፣ ስትሮቡ ለምን በሩብ ምት እንደሚዘገይ የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ የቺፑ መካከል ነፃ ሆኖ የኖረው ጠርዙ ስለ ጸና ነው። ፋብሪካው ያጸናውን ክፍል መሐንዲሱ ዳግመኛ ሊሠራው አይጠበቅበትም፤ አሠራሩን ማወቅ ግን ዛሬም የእርሱ ድርሻ ነው።