ሱጎውን ማን አስተማረን?

ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ጋዜጦች ስለ አርበኞች ይጽፋሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። ይህ ዓምድ ግን ዘንድሮ ወደ ማድ ቤት ጎራ ይላል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በ1933 ዓ.ም. እንደወጣ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ የሚሉ ስሞችን ትቶልን እንደሄደ ያልሰማ የለም። በየቤታችን የሚሠራው ፓስታ በሱጎ መቼና በማን እጅ ገባ የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል።

ከአድዋ ምርኮኞች ጋር ነው የመጣው የሚሉ አሉ። እንዲያው በባዶ ሜዳ አይደለም የሚሉት። በ1888ቱ ጦርነት 1,900 ገደማ ጣሊያናውያን ተማርከው አብዛኞቹ እስከ አዲስ አበባ ተወስደዋል፤ በየመኳንንቱ ቤትም ተደልድለው ነበር። ይሁንና ጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላሙ ውል ሲፈረም ወደ አገራቸው መመለስ ጀመሩ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ምርኮኛ የጌታውን ወጥ ቤት አሠለጠነ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሌሎቹ እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያሠሩትን ሆቴል ይጠቅሳሉ። መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ስለቆጠሩት አፄ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን አስከትለው እየሄዱ ሒሳብ ይከፍሉ ነበር ይባላል። ጨዋታው ይጥማል። ነገር ግን ሆቴል የበላ ሹም ቤቱ ተመልሶ ሽንኩርት አይከትፍም።

የሚቀረን የአምስቱ ዓመት ወረራ ነው። እዚህም ላይ ቢሆን ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ወታደሩና ስለ ምግብ ቤቱ ነው፤ ምድጃው ዳር የቆመችውን ሴት የሚያነሳት ጥቂት ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ሮም ያወጣችው ሕግ ቁጥር 880 ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስር ነበር። ገረድ መቅጠርን ግን አልከለከለም። ስለዚህ የተከሰሱ ወንዶች «ሚስቴ ሳትሆን ገረዴ ናት» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ገረድም ትሁን ሚስት፣ ድስቱ በእጇ ነበር። ጣሊያኑ ሲሸነፍ ሙያው ከእሷ ጋር ቀረ።

ማስረጃው ራሱ ሱጎው ነው። ጣሊያን ሽንኩርቱን ከመጀመሪያው በዘይት ይጠብሳል። የእኛ ሴት ወይዘሮ በደረቁ ታቁላላዋለች፤ ከዚያ ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን ወይም ሳልሳውን ታስከትላለች፤ ቃሪያም አይቀርም። ይህ የወጥ ሠሪ እጅ እንጂ የሆቴል እጅ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ሥጋውም ፎርማጆውም ቀርቶ በዘይት ብቻ ጾም ይሆናል፤ ፓስታው እንደ ሽሮ በየጓዳው የተላመደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። ላዛኛውንም ፎርኖ የሌለው ቤት ከላይና ከታች ፍም አድርጎ ያበስለዋል። በእንጀራ መጠቅለሉን ደግሞ የሮም ሰው ቢያይ ምን ይል ይሆን?

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሙያ ያላቸውን ጣሊያኖች እንዲቆዩ ፈቀዱ፤ ፒያሳ ላይ ካስቴሊ የተባለውን ምግብ ቤት የከፈተው ሰውም ከጦርነቱ የቀረ ወታደር ነበር። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ፓስታና መኮሮኒ እያመረቱ ሲሄዱ ዋጋው ለብዙኃኑ ቀረበ፤ ይህ ሌላ ጊዜ ራሱን ችሎ የሚጻፍ ነው።

ዛሬ ቤቴል ላይ ከሰፈር ሱቅ የግማሽ ኪሎ እሽግ ፓስታ የሚገዛ ሰው ስለ አድዋም ስለ ጣይቱ ሆቴልም አያስብም። አንባቢያን ሆይ፣ በጣሊያን ጊዜ በፈረንጅ ቤት ያገለገለች አያት የነበረቻችሁ እንደሆነ፣ ከእሷ የሰማችሁትን ጽፋችሁ ላኩልን፤ ስሟንም አትርሱ።