ዝሆን፦ ለሂንዱዎች የመልካም ጅማሬ ምልክት፣ ለእኛስ?

የህንድ ፊልም የምታዩ ከሆነ፣ የዝሆን ራስ ያለውንና ሆዱ ገፋ ያለውን ምስል ሳታዩት አልቀራችሁም። ስሙ ጋነሽ ነው፤ በሂንዱ እምነት የሺቫና የፓርቫቲ ልጅ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፓርቫቲ ገላዋን ስትታጠብ በር የሚጠብቅላት ልጅ ሠራች። ሺቫ ሲመጣ ልጁ "አይገባም" ብሎ ከለከለው። ሺቫም ተቆጥቶ አንገቱን ቀላው። እናቱ አምርራ ስታዝን ግን የዝሆን ራስ ተተክቶለት ነፍስ ዘራ። ዛሬ ሂንዱዎች ሱቅ ሲከፍቱም ሆነ ሠርግ ሲደግሱ ቀድመው የሚጠሩት እሱን ነው። እንቅፋት ያነሳል ብለው ያምናሉ።

የዝናብ አምላክ የሚባለው ኢንድራም የሚቀመጠው ኤራቫታ በተባለ ነጭ ዝሆን ላይ ነው። በኬረላ ግዛት ደግሞ በበዓል ቀን የተሸለሙ ዝሆኖች የአማልክት ምስል ተሸክመው ይወጣሉ። ክብሩ ግን ከሰንሰለት አላዳናቸውም፤ የቤተ መቅደስ ዝሆኖች አያያዝ እዚያው ህንድ ውስጥ ያከራክራል።

ወደ እኛ እንምጣ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን መልእክተኛ የአክሱሙን ንጉሥ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ እንዳየው ተጽፏል። ሌላው መልእክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ 5 ሺህ ገደማ ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ማየቱን ተናግሯል።

በእምነትም ቦታ አለው። ከአክሱም ወገን የሆነው የየመን ገዥ አብርሃ ዝሆን አስከትሎ መካ ላይ ዘመተ። በቁርኣን 105ኛው ምዕራፍ፣ ሱረቱል ፊል፣ ስለዚሁ ነው። በእስልምና ትውፊት መሠረት ዋናው ዝሆን ወደ መካ አልሄድም ብሎ ተንበረከከ። ነቢዩ ሙሐመድ የተወለዱትም በዚያው "የዝሆን ዓመት" እንደሆነ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ግን የእኛ የዝሆን ታሪክ በአብዛኛው የጥርሱ ታሪክ ነው። የዝሆን ጥርስ ከአዱሊስ ወደብ ጀምሮ ለብዙ ዘመናት ወደ ውጭ ሲወጣ ኖረ። ዝሆን የገደለ ሰው ይፎክር፣ ይሸለም ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ሲጓዝ፣ በፈረስ ተጠግተው የዝሆኑን የኋላ እግር ጅማት በሰይፍ የሚቆርጡ አዳኞችን አይቶ ጽፏል።

ውጤቱን ዛሬ እናየዋለን። ባሕር ዳር ላይ ጉማሬ ለማየት ጀልባ መከራየት ይበቃል። ዝሆን ለማየት ግን ባቢሌ፣ ጨበራ ጩርጩራ፣ ማጎ ወይም ቃፍታ ሽራሮ ድረስ መሄድ ግድ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በእሳት ተቃጠለ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ጥርሱ ዋጋ የሚኖረው ዝሆኑ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

የሂንዱን እምነት መቀበል አይጠበቅብንም። ንጉሥ በሠረገላው ያሰለፈው፣ ቅዱስ መጽሐፍ ያነሳው እንስሳ ግን የእኛም ታሪክ ነው። የቀሩትን ጥቂቶች ካልጠበቅን፣ ልጆቻችን ዝሆንን የሚያውቁት እንደ ጋነሽ በምስል ብቻ ይሆናል።