አርአያ ሥላሴ ባይሞቱ ኖሮ

«እንዲህ ባይሆን ኖሮ» የሚለው ጥያቄ የቡና ላይ ወግ ነው እየተባለ ይናቃል። እኛ ግን እዚህ ቡሹሎ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆነን፣ እስቲ እንሞክረው እንላለን። ደንባችን አንድ ነው፦ የምንለውጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሁሉን ከለወጥንማ ተረት ሆነ!

ፖርቱጋሎች እንዲህ ያለ ጥያቄ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1578 ንጉሣቸው ሰባስቲያን ሞሮኮ ዘምቶ አልካሰር ኪቢር ላይ ወደቀ። ዕድሜው 24 ነበር፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ዘውዱ ለአያቱ ወንድም፣ ለሽማግሌው ካርዲናል ኤንሪኬ ደረሰ። እሱም በ1580 ሲሞት የስፔኑ ፊሊፕ ጦር ልኮ አገሪቱን ጠቀለላት። የራሳቸውን ንጉሥ መልሰው ያነገሡት በ1640 ነው። ሰባስቲያን ወራሽ ቢኖረውስ?

የኛም አገር መተማ አለባት። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በማግሥቱ ሞቱ። ሊያሸንፍ የነበረው ጦር ተበተነ። ንጉሠ ነገሥቱ እስከዚያች ሰዓት የወንድማቸው ልጅ ይባሉ የነበሩትን መንገሻን «ልጄ ነው» ብለው አልጋቸውን ተናዘዙላቸው። ግን በሞት አፋፍ የተነገረ ኑዛዜ ስንቱን መኳንንት ያስከትላል?

ያልተጠረጠረው ወራሽ፣ ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ፣ ቀደም ብለው በ1880 ዓ.ም. ሞተዋል። ሚስታቸው ደግሞ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. ሲዳሩ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ ጋብቻው የሁለት ቤተ መንግሥት ውል ነው። እንግዲህ የምንለውጠው ይህን አንድ ሞት ነው።

አርአያ ሥላሴ በሕይወት ቢኖሩ ምኒልክ የሚዋጉት ከልጃቸው ባል ጋር ነበር። ዝም ብለው ይገብሩ ነበር አንልም። ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ይዘዋል፤ ከጣሊያን ጠመንጃ ለመቀበል ተዋውለዋል፤ የሸዋ ጦር መተማ ላይ አልደቀቀም። ግን ለእርቅ በር ይከፈት ነበር፤ የልጅ ልጅ የሚነግሥበት ስምምነት ለሁለቱም ወገን ይጥማል። በታሪክ የሆነው ሌላ ነው፦ ዮሐንስ ከሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ጣሊያን አስመራ ገባ። መንገሻም በ1886 ዓ.ም. ድንጋይ ተሸክመው አዲስ አበባ ላይ ገበሩ። ትግራይና ሸዋ ቢስማሙ ኖሮ ጣሊያን ደጋውን እንዲያ በቀላሉ ይወጣው ነበር ወይ? አይመስለንም።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን የመኳንንት ታሪክ ጽፈን ቀረን። አንዱ ሞት የማይለውጠውስ? የከብቱ በሽታ ገብቷል፤ ክፉ ቀን ጀምሯል። ወታደሩ ደመወዝ የለውም፤ የሚበላው ከገበሬው ጓዳ ነው። የዮሐንስ ጦር ከመተማ በፊት ጎጃምን እንዴት እንዳደረገው ይታወቃል። የምኒልክ ጦርም በ1880ዎቹ ሲዳማ ሲደርስ ገበሬውን በገዛ መሬቱ ገባር አደረገው። ዙፋኑ ላይ የአርአያ ሥላሴ ልጅ ቢቀመጥ የሚዘምተው የጦር አለቃ ስም ይለወጥ ይሆናል። ወይም ዘመቻው ጥቂት ዓመት ይዘገያል። ወታደርን በገባር ማኖር ግን የሁለቱም ቤት ሥርዓት ነበር። የገባርነቱ ማሠሪያ በሕግ የተበጠሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ያ ደግሞ ከአልጋ ወራሽ ዕድሜ ጋር ምን አገናኘው?

ስለዚህ «ማን በነገሠ ኖሮ?» ብለን ስንጠይቅ መረብ ላይ ትልቅ ለውጥ እናያለን፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ግን ለውጡ ያንሳል። ዘውዲቱ ራሳቸው በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሆኑ፤ የሲዳማ ገባር ያን ዓመትም ግብሩን ተሸክሞ ሄደ። ከእንግዲህ «ቢሆን ኖሮ» የሚለን ሰው ሲገጥመን መልሰን እንጠይቀው፦ ለማን?