የአቴንስ ሁለት ዓርብ ማታዎች

የአትሌቲክሱ ወቅት በመጣ ቁጥር በየዋትስአፑ ውጤት ስንቀባበል እንውላለን። ማን ገባ፣ በስንት ገባ፣ ስንተኛ ወጣ፣ ሁሉም ሯጩ ላቡን ሳይጠርግ ይደርሰናል። ልጆቻችን ይህ ነገር ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል። እንግዲያው ዛሬ ወደ 2004 እንመለስ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ 1996 ማለት ነው። ያን ዓመት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኦገስት መጨረሻ ድረስ ውጤት መከታተል ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ፣ ደስታውንም ግራ መጋባቱንም፣ እንደዚያ ወቅት ያሳየን የለም።

ነገሩ የጀመረው ሄንግሎ በምትባል የሆላንድ ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋን አይተናት አናውቅም፣ ስሟ ግን ለጆሯችን እንደ ጎረቤት አገር ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998 የ10 ሺህ ሜትር ሪከርዱን 26:22.75 ያደረገው እዚያ ነው። በዚያው ወር ሄልሲንኪ ላይ የ5 ሺውን 12:39.36 አደረሰው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም የነካቸው ሰው አልነበረም። ታዲያ ሜይ 31 ቀን 2004 እዚያው ሄንግሎ ላይ፣ 22 ዓመት ያልሞላው ቀነኒሳ በቀለ 5 ሺውን በ12:37.35 ሮጠ። በስምንተኛው ቀን፣ ጁን 8፣ ቼክ አገር ኦስትራቫ ላይ 10 ሺውን በ26:20.31 ጨረሰ። የኃይሌ ሁለት ሪከርዶች በስምንት ቀን ውስጥ ሄዱ።

ወሬው ወደ እኛ የደረሰው በየመንገዱ ነው። አንዱ በሬቃ ሬዲዮ የአማርኛ ስርጭት ሰማ። ሌላው አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ነገረው፣ ያኔ በስልክ ካርድ ነበር የምንደውለው፣ ደቂቃው እየተቆጠረብን። የቀረነው የዕብራይስጥ ጋዜጣ ላይ ነው ያገኘነው፣ ከእግር ኳሱና ከቅርጫት ኳሱ በኋላ ከታች ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል። አባቶች ፊደሉን አያነቡም፣ ልጆች ደግሞ ስሙን አያውቁም። የዕብራይስጥ ጽሑፍ አናባቢ አይጻፍበትም፤ ስለዚህ ልጁ ፊደል እየቆጠረ «ካናኒሳ ባቃላ» ይላል፣ አባት ደግሞ «ቀነኒሳ በቀለ ነው እንጂ!» እያለ ያርማል። አንዱ ዓይን አዋጣ፣ አንዱ አፍ አዋጣ፤ አንዲት ውጤት ለማንበብ ሁለት ትውልድ ያስፈልግ ነበር።

ከኦስትራቫ በሦስተኛው ቀን፣ ጁን 11፣ ኖርዌይ በርገን ላይ ሌላ ነገር ሆነ። የሴቶች የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሪከርድ ተሰበረ፣ 14:24.68። ጥሩነሽ ዲባባ ሁለተኛ ወጣች። የሰበረችው ኤልቫን አቤይለገሠ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ የሮጠችው ግን ለቱርክ ነው። ያን ሰሞን በየቡናው ክርክር ነበር። «የኛ ልጅ ናት» የሚል አለ፣ «ባንዲራዋን እይ፣ የኛ የነበረች ነው የሚባለው» የሚል አለ። አንዳንዱማ ከዳች እስከማለት ደረሰ። (በኋላ ከ2007 እስከ 2009 ያሉ ውጤቶቿ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተሰርዘውባታል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።) እኛን ዛሬ የሚያስቀን ግን የራሳችን ነገር ነው። «ለሰው አገር ሮጠች» ብለን ስንፈርድ፣ ኪሳችን ውስጥ ያለው ተዑዳት ዜሁት የየት አገር እንደሆነ አንዳችንም አላነሳነውም።

ኦሎምፒኩ አቴንስ ላይ በኦገስት 13 ተከፈተ። ያን ወር አቴንስ፣ ቴል አቪቭና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት አልነበራቸውም። ግሪክና እስራኤል በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ይሆናሉ። አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን በዝናብ ውስጥ፣ እኛ በሙቀት ውስጥ፣ ሯጩ በአቴንስ፣ ሁላችንም በአንድ ሰዓት ላይ ነበርን። ለሲድኒ እንደዚያ አልሆነም፣ ለቤጂንግም አልሆነም። ሰዓቱ እንዲህ ከተመቸን ዘንድ ምን ሊከለክለን ነው?

ሰንበት ነዋ! የወንዶቹ 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ የወጣው ኦገስት 20 ነበር፣ ዓርብ ማታ።

ሐሙስ ዕለት አሪክ ዜኤቪ በጁዶ ነሐስ አግኝቶ አገሩ በሙሉ ደስ ብሎት ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌዎቻችን ሰንበትን እንዴት እንደሚያከብሩ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በጎንደር መንደር ዓርብ ከሰዓት እሳት ጠፍቶ፣ ልብስ ታጥቦ፣ ዳቦው ተጋግሮ ያደረ ሰው፣ ለቀነኒሳ ተብሎ ቴሌቪዥን ሊከፍት አይችልም። አንዳንዱ ቤት መላ ተፈጠረ፦ ቴሌቪዥኑን ከሰንበት በፊት በሻዖን ሻባት አስረው፣ በሰዓቱ ራሱ እንዲበራ። እሱም ቢሆን ያጨቃጭቃል፤ «ራሱ በራ እንጂ አላበራሁትም» የሚል ልጅና «ዓይንህስ ራሱ ነው የሚያየው?» የሚሉ አያት። ሌላው ቤት ልጆች ወደ ጎረቤት ጠፉ። የቀሩት መስኮት ከፍተው ጆሯቸውን ጣሉ።

ያዩት ያዩት ነገር እንዲህ ነው። 25 ዙር ነው 10 ሺህ ሜትር። ኢትዮጵያውያኑ ሦስት ናቸው፦ ቀነኒሳ፣ ስለሺ ስህንና ኃይሌ። ኃይሌ የአትላንታና የሲድኒ ሻምፒዮን ነው፣ ያኔ ግን እግሩን አሞት ነበር የመጣው። ሁለቱ ወጣቶች ወደፊት ወጡ። ከዚያ ደጋግመው ወደኋላ ማየት ጀመሩ፣ ፍጥነታቸውንም ቀነስ አደረጉ። ኃይሌን እየጠበቁት ነው! ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ፣ ለወርቅ እየሮጡ፣ ታላቃቸው እንዲደርስ። ኃይሌ አልደረሰም። እንደማይደርስ ሲያዩ ሄዱ። ቀነኒሳ በ27:05.10 ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ ነሐስ፣ ያም ለኤርትራ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር። ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ስልኩ ተጨናነቀ። ውጤቱን በሰዓቱ ያላዩት ሽማግሌዎች አስቀድመው የጠየቁት ግን ማን አንደኛ ወጣ ብለው አልነበረም፣ ኃይሌ እንዴት ሆነ ብለው ነው። ልጆቹ የመጠበቁን ነገር ሲነግሯቸው አልገረማቸውም። «ታዲያ ጥለውት ሊሄዱ ኖሯል?» አሉ። የስፖርት አዋቂዎች ያን ቀን ስለ ስልት ብዙ አውርተዋል። እኛ የአያቶቻችን ትንታኔ ይሻላል ባዮች ነን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንደ ጎርፍ ነው። ሰኞ መሠረት ደፋር በ5 ሺው ወርቅ፣ ጥሩነሽ ነሐስ። ረቡዕ ኦገስት 25 ጋል ፍሪድማን በንፋስ ሸራ ወርቅ አገኘና ሃቲክቫ በኦሎምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። የሥራ ባልደረቦቻችን «እናንተስ ለማን ነው የምትደግፉት?» ይሉን ነበር፣ በደህናም በነገርም። በሰኞና በረቡዕ መካከል ሁለት ጊዜ ለጮኸ ሰው ጥያቄው ትርጉም አልነበረውም።

ቀጥሎ ሁለተኛው ዓርብ መጣ። የሴቶቹ 10 ሺህም ኦገስት 27፣ እንደገና ሰንበት ገብቶ! ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው እኛን የሚያውቀን ይመስል ነበር። ይህችኛዋ ሩጫ ደግሞ ለእኛ ተራ አይደለችም፣ ምክንያቱም ደራርቱ ቱሉ አለችበት።

ደራርቱን ስንል ባርሴሎና 1992 ማለታችን ነው። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ወደዚህ ገባ። ከዓመት በኋላ ብዙዎቻችን ገና ሆቴል ውስጥ ነን፣ ገና ክራቫን ውስጥ ነን። ዕብራይስጥ የሚያውቅ በጣት ይቆጠራል፣ ቴሌቪዥኑ የጋራ ነው። ያን ኦገስት ደራርቱ 10 ሺውን አሸነፈች፣ ከደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ስታዲየሙን ዞረች። ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። በዚያው ጨዋታ፣ ከሳምንት በፊት፣ ያኤል አራድ ለእስራኤል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አግኝታ ነበር። ሁለቱን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያየ አዲስ መጤ፣ የቱ ጋ ማጨብጨብ እንዳለበት የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

በ2004 ደራርቱ 32 ዓመቷ ነው። ቻይናዊቷ ሺንግ ሁይና ማንም ሳይጠብቃት አሸነፈች፣ እጅጋየሁ ዲባባ ሁለተኛ፣ ደራርቱ ሦስተኛ። በአንደኛዋና በሦስተኛዋ መካከል ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ይህን እየሰማን ሳለ ቀነኒሳ ደግሞ 5 ሺውን ሊሮጥ ነው። እሱንም በዓይናችን አየነው፦ ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ጌሩዥ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ቀደመው። ኢትዮጵያ በሰባት ሜዳሊያ ጨረሰች።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቴሌቪዥኑን ዘጋ። ለእኛ ግን አንድ ሩጫ ቀርቶ ነበር፣ እሑድ ማታ፣ የወንዶች ማራቶን። ከማራቶን መንደር ተነስቶ ጥንታዊው የእብነ በረድ ስታዲየም የሚገባው። እስራኤልን ወክሎ የሚሮጠው ኃይሌ ሰጠኝ ነበር። ከኛው የወጣ ሰው ነው፤ በ2003 በ2:14:21 የእስራኤልን የማራቶን ሪከርድ ያሻሻለ።

ካሜራው እሱን አያሳይም። ብራዚላዊው ቫንደርሌይ ዴ ሊማ እየመራ ሳለ አንድ ሰው ከመንገድ ዳር ዘሎ ሲይዘው አሳየ። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ባልዲኒ ሲያሸንፍ አሳየ። ኤርትራ ተወልዶ ለአሜሪካ የሮጠው መብ ከፍለዝጊ በብር ሲገባ አሳየ። ሰጠኝን ያገኘነው በማግስቱ ነው፣ በዝርዝር ውስጥ፣ 20ኛው መስመር ላይ። ማግኘቱም ሥራ ነበር። በአንዱ ዝርዝር «አየለ ሰጠኝ» በሚመስል ፊደል ተጽፏል፣ በሌላው «ኃይሌ ሳታይን» ነው የሚለው። ሰጠኝ እኮ ትርጉም ያለው ስም ነው፣ እግዚአብሔር ሰጠኝ ያለ ወላጅ ያወጣው። ሳታይን በአማርኛም በዕብራይስጥም ምንም ማለት አይደለም። እኛም ብንሆን ስማችን በአውሮፕላን ማረፊያው ጠረጴዛ ላይ ምን እንደደረሰበት እናውቃለን።

ከስሙ ጎን የልደት ዓመት አለ፦ 1955። በዚህ ወረቀት ከሄድን አቴንስ ላይ 49 ዓመቱ ነው፣ ቤጂንግ 2008 ላይ ሲሮጥ 53። የውጭ ጋዜጦች ያኔ በዚህ በጣም ተደነቁ። መንደሯ ውስጥ የልደት ወረቀት የሌላት እናት ግን የምትቆጥረው በክረምት፣ በበዓል፣ በአዝመራ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ የሚፈልገው ቁጥር ነው። ስለዚህ ከመካከላችን በወረቀቱ አያት፣ በጉልበቱ ጎረምሳ የሆነ ስንት ሰው አለ። እንዲህ ያለ ቁጥር ስናይ አንደነቅም፣ አንክድም፣ ዝም ብለን ፈገግ እንላለን። የ20ኛነቱ ግን አያጠራጥርም፤ ያንን የለካው ሰዓት ነው።

በየቤቱ የ2004 ወቅት ሲነሳ የቀነኒሳ ስምንት ቀናት ይወራሉ፣ ተገቢም ነው። ከዚያ ወቅት ልጆቻችን የወሰዱት ግን ያችን 20ኛ መስመር ይመስለናል። ከዚያ በፊት ዝርዝሩን ከላይ ሦስቱን አይተን ነበር የምንተወው። ከዚያ ወዲህ ወደ ታች መውረድ ለመድን፣ እስራኤል የሚለውን አገር ፈልገን፣ ከጎኑ የኛን ስም ለማግኘት።

ስሙ ቀስ በቀስ ከታች ወደ ላይ ወጣ። በኦገስት 2022 ሙኒክ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ላይ ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር በመጨረሻዋ ሰዓት ቀድሞ ገባ፣ ማሩ ተፈሪ በሁለት ሰከንድ ተበልጦ ሁለተኛ፣ ጋሻው አየለ ሦስተኛ፣ በቡድን ደግሞ ወርቁ የእስራኤል ሆነ። በዓመቱ ኦገስት 27 ቀን 2023፣ ቡዳፔስት፣ የዓለም ሻምፒዮና። እሑድ ጠዋት ስለነበር ሥራ ላይ ሆነን በስልክ ነው የተከታተልነው። ኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት በ2:08:53 አንደኛ። ሁለተኛ ማሩ ተፈሪ፣ እስራኤል፣ 2:09:12። ሦስተኛ ልዑል ገብረሥላሴ፣ ኢትዮጵያ፣ 2:09:19። በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ሰባት ሰከንድ።

የዚያን ቀን ማታ የዕብራይስጡን ዜና ልጆች ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ «ማሩ» የሚለው ስም ሳይበላሽ ነው የደረሰው። ተፈሪን ግን አሁንም ማረም ነበረብን።