የአረቄ መለኪያ፤ ስለ ቅመሳና ስለ ፍርድ

ጠጅ በብርሌ፤ ጠላ በዋንጫ ወይም በጣሳ ይጠጣል፤ የአረቄው ትንሽ ብርጭቆ ግን «መለኪያ» ይባላል። ቃሉ መጀመሪያ የታሰበው ለመጠኑ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሻጭ ያንን ያህል ይቀዳል፤ ገዢም ለዚያው ይከፍላል። ይሁን እንጂ የአረቄ ጠጪዎችን ጨዋታ ጥግ ይዞ የሰማ ሰው በዚያች ብርጭቆ የሚለካው መጠን ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ይኸኛው «ጉሮሮ ይይዛል»፤ ያኛው «ውኃ ገብቶታል»፤ ሌላው «አርሯል» ይባላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ይህን ፍርድ ነው፤ የአረቄ ደግነት በአገራችን በምን ሲታወቅ ኖረ? ለማነጻጸሪያ የአሜሪካንን ቡርቦንና የራይ ውስኪ ወስደናል፤ ምክንያታችን ወደ ኋላ ይገለጻል።

መጠጥን ቀምሶ መፍረድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አንቆርቁሮ ይቀምስ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዋናው ምክንያት መርዝን መፍራት ነበር፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ከመዳፉ የቀመሰ ሰው የጠጁን መብሰል አለመብሰል ሳያውቅ ይቀራል ብለን አናምንም። ጠጅ የትልቅ ቤት መጠጥ ስለ ሆነ ቀማሽ ተሾመለት፤ አረቄ ግን አሳላፊ አልነበረውም። ስሙ እንኳ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ «ላብ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፤ የሚፈላው ነገር ትነት ሲቀዘቅዝ እንደ ላብ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ያመለክታል። ታዲያ ሹም ያልተሾመለትን ይህን መጠጥ የሚፈርድበት ማን ነው? እንደ ተረዳነው ከሆነ ዳኛዋ የምታወጣው ሴት ራሷ ናት።

ይህን ለማየት የሄድነው ወደ ሐና ማርያም ነው። ሐና ማርያም በአዲስ አበባ ደቡብ፤ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ስም የሚጠራ ሰፈር ነው። ከተማው ወደ ደቡብ እየገፋ በመሄዱ በዙሪያው ፎቅ በቅሏል፤ ቢሆንም ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ የባሕር ዛፍ ጢስና የአተላ ሽታ መንገድ ይመራል። ያስተናገዱን እናት ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን እማማ ብቻ እንላቸዋለን። የተወለዱት በሰሜን ሸዋ ነው፤ ሙያውን ከእናታቸው ተምረዋል፤ በዚሁም ሙያ አራት ልጆች አሳድገዋል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጌሾና ብቅል ተፈጭቶ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲነሣ ቂጣ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። እህሉ እንደ አገሩ ነው፤ በቆሎ፤ ማሽላ፤ ዳጉሳ፤ ገብስ፤ በጎጃም ደግሞ የግብጦ አረቄ ስመ ጥር ነው። ድፍድፉ ሲደርስ በእንስራ፤ ዛሬ ዛሬም በብረት በርሜል ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል፤ ትነቱም በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ፤ ያው ተመልሶ ተጥዶ የወጣው ዳግም ይባላል። የእማማ እህል በቆሎ ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፍርዱ የሚጀምረው ከመቃው ጫፍ ነው። መጀመሪያ የወረደው ሽታው የቀለም ማሟሟቂያ የሚመስል፤ አፍንጫ የሚወጋ ነበር። እማማ ይህን በጣሳ ለብቻው ተቀብለው ወደ ጎን አኖሩትና «ይኼ ራስ ያማል፤ ልጆቼ» አሉን። ከዚያ በኋላ በየጥቂቱ ደቂቃ ጠብታውን በመዳፋቸው ይቀበላሉ፤ በሌላው እጃቸው አሸት አድርገው ያሸታሉ፤ ከዚያም ይልሳሉ። መዳፍ ስለሚሞቅ ሽታው ቶሎ ይነሣል። አሳላፊው በግብር አዳራሽ ያደርግ የነበረውን እኒህ እናት ከምድጃ አጠገብ ሲያደርጉት ማየታችን ደስ አሰኘን። ጠብታው ውኃ ውኃ ማለትና ጎምዛዛ ሽታ ማምጣት ሲጀምር ዕቃውን አነሡት። መጀመሪያ የሚወርደው አሴታልዴሃይድና ኤቲል አሴቴት፤ ኋላ የሚከተለው ደግሞ ከባዱ አልኮልና ውኃ የሚበዛበት መሆኑን እኛ ከመጽሐፍ ተምረናል፤ እርሳቸው ግን መቼ መቁረጥ እንደሚገባ ያወቁት ከእናታቸው አጠገብ ቆመው ነው።

ገዢው ግን ከመቃው አጠገብ አይቆምም፤ ስለዚህ ለእርሱ የሚሆን ሌላ ፈተና አለ። አንደኛው ጠርሙሱን መነቅነቅ ነው፤ ብርቱው አረቄ አረፋው ደርደር ብሎ ጥቂት ይቆያል። ሁለተኛው እሳት ነው፤ ጥቂት በሳሕን ላይ ፈሶ ክብሪት ይጫርበታል፤ ሰማያዊ ነበልባል ከያዘ ተመሰገነ። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። እንግሊዞችም በጥንት ዘመን መጠጡን ከባሩድ ጋር ለውሰው በእሳት ይፈትኑት እንደ ነበር ይነገራል፤ በመጠጥ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው «ፕሩፍ» የሚለው ቃልም ከዚያ የቀረ ነው። በአሜሪካ ቁጥሩ የአልኮሉ እጥፍ ነው፤ 100 ፕሩፍ ማለት ከመቶ 50 እጅ አልኮል ማለት ነው።

እሳቱ ታማኝ ዳኛ ነውን? በበኩላችን አይደለም እንላለን። ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለው መጠጥ ትነቱ እሳት የሚይዘው ወደ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ጠዋት አልያዝ ብሎ የተነቀፈው አረቄ ከምድጃ ዳር ቢቆይ ይይዛል፤ ጥፋቱም የሴቲቱ ሳይሆን የክረምቱ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዐይን የሚያጠፋው፤ የሚገድለውም ሜቲል አልኮል እንደ ደኅናው በሰማያዊ ነበልባል የሚነድ መሆኑ ነው። የኢንዱስትሪ አልኮል የቀላቀለ ነጋዴ ቢኖር እሳቱ ያመሰግነዋል እንጂ አይከሰውም። ገዢው የሚተማመንበት ፈተና ብርታትን ብቻ ይመሰክራል፤ ጤናን አይመሰክርም። ጤናን የሚመሰክረው የእማማ መዳፍና ያ ወደ ጎን የተቀመጠው ጣሳ ነው፤ ያም ከግቢያቸው ውጭ አይታይም።

ፋብሪካው ሌላ መለኪያ አለው። ፈረንሳዊው ሊቅ ጌ ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳወቀው ዘዴ በመስታወት መሣሪያ አልኮሉ በዲግሪ ይነበባል፤ ጠብ የለም፤ ክርክር የለም። ከሐና ማርያም ሩቅ ባልሆነው በመካኒሳና እንዲሁም በሰበታ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፎች ተተክለዋል። የፋብሪካው አልኮል የሚወጣው ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፤ ከሞላሰስ ነው፤ ይህም በአገር ውስጥ በብዛት መገኘት የጀመረው ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው። እስከ ከመቶ 96 እጅ ድረስ የተጣራ አልኮል ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን የተወለደበትን ነገር ረስቷል። ውኃ ተጨምሮበት ጠረን ሲሰጠው ኡዞም ጂንም ይሆናል። ስለ እንዲህ ያለው መጠጥ «ስንት ዲግሪ ነው?» ከሚለው በቀር ቀማሹ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም።

አሜሪካንን ያነሣነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እነርሱም በዚሁ መንታ መንገድ ላይ ቆመው ነበርና። በፔንሲልቬኒያና በሜሪላንድ የሰፈሩት ገበሬዎች የስንዴና የገብስ ዘመድ ከሆነው ከራይ፤ ወደ ኬንታኪ የዘለቁት ደግሞ ከበቆሎ ውስኪ ያወጡ ነበር። እንደ እማማ ሁሉ ለእነርሱም እህልን ወደ ገንዘብ የመለወጫ መንገድ ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1791 ግብር ቢጥልበት በ1794 እስከ ዐመፅ ደረሱ። ዐመፁን ጦር አስከትተው የበተኑት ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ራሳቸው ሥልጣን በለቀቁበት በ1797 በርስታቸው የውስኪ ማውጫ ማቆማቸው ታሪክ አንዳንድ ጊዜ መቀለድ እንደሚወድ ያሳያል። የእርሳቸው ድብልቅ ከመቶ 60 ራይ፤ 35 በቆሎ፤ 5 የገብስ ብቅል ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ነጋዴዎች የተጣራ አልኮል ገዝተው በቀለምና በጣፋጭ ነገር እያስመሰሉ «የቆየ ውስኪ» ብለው መሸጥ በረከቱ። ጠጪው በዐይኑ ቢያይ ቀለሙ ቀይ ነው፤ በእሳት ቢፈትን ይነዳል። የተገኘው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው ሕግ ነው፤ በአንድ ፋብሪካ፤ በአንድ ወቅት ተሠርቶ፤ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ቢያንስ 4 ዓመት የቆየና 100 ፕሩፍ የሆነ ውስኪ ልዩ ምልክት እንዲለጠፍበት ፈቀደ። «ውስኪ ምንድን ነው?» የሚለው ክርክር ከዚያም በኋላ አላቆመም፤ በ1909 ፕሬዚዳንት ታፍት ራሳቸው ፍርድ ሰጥተውበታል። መጠጥ ከ1920 እስከ 1933 በሕግ ሲከለከል ብዙ ማውጫዎች ጠፉ፤ የራዩ ውስኪም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላንሰራራም። ዛሬ ቡርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ ከመቶ 51 እጁ በቆሎ መሆን አለበት፤ የራይ ውስኪም እንዲሁ ከመቶ 51 እጅ ራይ፤ ሁለቱም ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል መቀመጥ ይገባቸዋል። ከመቃው የወረደው ውስኪ እንደ እኛ አረቄ ነጭ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ያ የተለበለበ እንጨት ነው።

የእነርሱ ቀማሾች አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ጥቂት ቀድተው በመጀመሪያ ቀለሙን ያያሉ፤ ቀጥለው ከንፈራቸውን ከፈት አድርገው ያሸታሉ፤ አፍንጫ ብቻውን ከሆነ አልኮሉ ያደነዝዘዋልና። ከዚያ ትንሽ ተጎንጭተው በምላስ ላይ ያንሸራሽሩታል፤ ከዋጡም በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ይጠብቃሉ፤ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገውም እንደገና ይቀምሳሉ። ቡርቦን ወደ ቫኒላና ወደ ተቃጠለ ስኳር፤ ራይ ወደ ቁንዶ በርበሬ ያደላል ይላሉ። የሚመሰገነው የሚያቃጥለው አይደለም፤ ብዙ ነገር የሚናገረው ነው። በአዲስ አበባ ውስኪ ሲባል የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ የስኮትላንዱ ስለ ሆነ ይህ ልዩነት ብዙም አይታወቅም።

ለአንድ ባልንጀራችን ዘመዶቹ ከአሜሪካ የላኩለትን የቡርቦንና የራይ ጠርሙስ ይዘን ዳግመኛ ወደ ሐና ማርያም ሄድን። ምንነቱን ሳንናገር በመለኪያ ቀዳንላቸው። እማማ እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና አሽተው ጥቂት ዝም አሉ።

«ዕቃው ታጥኗል» አሉ።

ማናችንም ያልጠበቅነው ነገር ነበር። ለካ የጠላ ጋን በወይራ እንደሚታጠን፤ የወተት ዕቃም እንዲሁ፤ እያንዳንዳችን በየቤታችን እያየን አድገናል፤ ዕቃ ለመጠጥ ጣዕም እንደሚሰጥ የአገራችን ሴቶች ከማንም ያነሰ አያውቁም። ቀጥለው «እህሉ በቆሎ ነው፤ ጣፈጥ ይላል» አሉ ስለ ቡርቦኑ። ራዩን ግን እህሉን አላወቁትም፤ «ይኼ ምላስ ይቆነጥጣል» ብለው አለፉት። ከአሜሪካን ቀማሾች ቃል ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠብን። እህሉ አንድ ከሆነ፤ እጁም የሠለጠነ ከሆነ፤ ዕቃ ማጠንም የታወቀ ከሆነ፤ አረቄያችን ስለምን ነጭ ሆኖ ቀረ? ስለ እርሱስ ያለን ቃል ስለምን ስለ ማቃጠል ብቻ ሆነ? የአረቄ ሴት ድፍድፏን የምትጠነስሰው በብድር ወይም በእቁብ ገንዘብ ነው፤ የወጣውም በዚያው ሳምንት ተሽጦ የሚቀጥለውን እህልና እንጨት ይገዛል። የኬንታኪው ባለ ፋብሪካ መጋዘንና ካፒታል ነበረው፤ ከ1897 ወዲህም መንግሥት ስለ ዕድሜው ይመሰክርለታል። ለማን እንደ ቆየ የሚመሰክርለት የሌለው መጠጥ ቢቆይም እንደ ቆየ አይሸጥም። ስለዚህ ገበያው ሊፈትነው የሚችለውን አንድ ነገር፤ ብርታቱን፤ ብቻ ይፈትናል፤ ቃሉም እዚያው ላይ ቆመ። ይህ የጣዕም ድህነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን የጊዜ ድህነት ነው እንላለን።

አንደኛው ጓደኛችን ድፍረት አግኝቶ «እማማ፤ እርስዎስ አራት ዓመት ቢያስቀምጡት?» ብሎ ጠየቃቸው። ሳቁ። «አራት ዓመት ምን እየበላሁ?» አሉ። በበርሜል የሚቀመጥ ውስኪ በየዓመቱ በትነት እየቀነሰ እንደሚሄድና የጎደለውን አሜሪካኖች የመላእክት ድርሻ እንደሚሉት ስንነግራቸው ጨዋታው ደስ አላቸው። «እኔ ጋ ሸክላው ነው የሚጠጣብኝ» አሉና ከጓዳ አንዲት ትንሽ ገንቦ አወጡ፤ በወይራ አጠኗት፤ ከዕለቱ ዳግም ሁለት ጠርሙስ ያህል ገልብጠው አፏን መረጉ። የሁለቱን ጠርሙስ ዋጋ ልንከፍል ብንል እንቢ አሉ፤ ለጥምቀት መጥተን እንድንቀምስ ግን ቀጥረውናል።