ተረከዝ ላይ የቀረው ችንካር

በ1968 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢየሩሳሌም ሰሜናዊ ክፍል፣ ጊቭዓት ሃሚቭታር በሚባል ስፍራ፣ አርኪዮሎጂስቱ ቫሲሊዮስ ጻፌሪስ ከዐለት የተፈለፈሉ ጥንታዊ መቃብሮችን ቆፈረ። ከተገኙት የድንጋይ የአፅም ሣጥኖች አንዱ «ዮሐናን» የሚል ስም ተቀርጾበታል። በውስጡ የቀኝ እግር ተረከዝ ነበረ፤ የብረት ችንካር ከጎን ወደ ጎን አልፎበታል። ሰውየው በመጀመሪያው መቶ ዓመት፣ በሃያዎቹ ዕድሜው ተሰቅሎ የሞተ ነው።

አፅሙን መጀመሪያ የመረመረው ኒኩ ሃስ ውጤቱን በ1970 አሳተመ። በእሱ ግምት አንድ ረጅም ችንካር ሁለቱን ተረከዞች አንድ ላይ ወግቷል፣ ክንዶቹም ተቸንክረዋል፣ ቅልጥሙም ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ ተሰብሯል። ይህ ሥዕል በፍጥነት ተዛመተ። በ1985 ጆ ዚያስና ኤሊዔዘር ሴኬለስ አጥንቱን እንደገና ሲያዩት ግን ችንካሩ 11.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ተረከዝ አልፎ ግንድ ላይ ለመያዝ አይበቃም። የተወጋውም ተረከዝ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እግሮቹ ከቋሚው ግንድ ግራና ቀኝ ለየብቻ ተቸንክረው ይሆናል። ክንዱ ላይ ያለው ጭረትም ሆነ የቅልጥሙ ስብራት ለሃስ ግምት ማስረጃ አይሆንም፤ እጆቹ በገመድ ታስረው ሊሆን ይችላል። በችንካሩ ራስና በአጥንቱ መካከል የተገኘው የወይራ እንጨት ስባሪ ግን ሥራውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ እግሩ ተቦጭቆ እንዳይወጣ የተደረገ ጠፍጣፋ እንጨት ነው።

የስቅለትን ሥዕል ከልጅነታችን ጀምሮ እያየን ላደግን ለእኛ አሰቃቀሉ አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለናል። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንዲህ አይሉም። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ አንዳንዶች ቁልቁል፣ ሌሎችም እጃቸው ተዘርግቶ ሲሰቀሉ ማየቱን ጽፏል። በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም በሮማውያን በተከበበች ጊዜ ደግሞ፣ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ እንደሚነግረን፣ በቀን 500 ሰው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይያዝ ነበር፤ ወታደሮቹም በቁጣና በጥላቻ እያንዳንዱን በተለያየ አኳኋን ቸነከሩት። ለመስቀሉ ቦታ፣ ለሰዎቹም መስቀል ጠፋ። አሃዙ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ የአሰቃቀሉ መለያየት ግን በሴኔካም ስለሚገኝ አምነዋለሁ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን ስሜት የሌለው ሰነድ ነው። በኢጣሊያ ፑቴዮሊ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ የቀብር ሥራ ተቋራጭን ግዴታ ይዘረዝራል። ጌታ ባሪያውን በራሱ ወጪ ማስቀጣት ከፈለገ ለገራፊውም ለሰቃዩም ለእያንዳንዳቸው 4 ሴስቴርስ (የሮም ገንዘብ) ይከፍላል፤ ሹም ያዘዘው ቅጣት ከሆነ ግን መስቀሉንም ችንካሩንም ተቋራጩ በነጻ ያቀርባል። ስቅለት እንደማንኛውም ሥራ ዋጋ ወጥቶለት ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው ተሰቅሎ አጥንቱ የት ገባ? ብዙዎቹ በገመድ ታስረው ይሆናል፤ ገመድ አጥንት ላይ ምልክት አይተውም። ብዙ ሬሳም ሳይቀበር ቀርቷል። የተቸነከሩትም ሲወርዱ ችንካሩ ይነቀላል። የዮሐናን ችንካር ጫፉ ተጣሞ ስለነበር አልነቀል አለ፤ ዘመዶቹም ከነችንካሩ ቀበሩት። ያ ብረት ባይጣመም ኖሮ ሣጥኑ እንደሌሎቹ ሣጥኖች ታይቶ በታለፈ ነበር።

በ2017 ደግሞ በእንግሊዝ ካምብሪጅሺር፣ ፌንስታንተን በተባለች መንደር፣ የቀኝ ተረከዙን ችንካር የወጋው ሌላ ሰው ተገኘ። ዕድሜው ከ25 እስከ 35 ይገመታል፤ የሞተውም ከ130 እስከ 360 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቅልጥሙ ላይ የእግር ብረት ያደረሰበት የሚመስል ምልክት አለ። በዘመኑ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር አልተገኘም። ሆኖም በመንደሩ መቃብር፣ ከሌሎቹ ሙታን ጋር፣ በወጉ ተቀብሮ ነበር።