ያን ቀን ኤክስ ያደረግኩበት መልስ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይልብኛል፣ ታገሱኝ። ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ «ቲቸር፣ ኤክስ የት ሄደ?» እንዳትሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲፕሎማ ተመርቄ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለ9ኛ ክፍል ቴስት አወጣሁ። አንዱ ጥያቄ «ሩቶቹ 2 እና 3 የሆኑትን ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ፈልጉ» ይላል። ያስተማርኩት አንድ ፎርሙላ ነበር፦ ሀ² − (የሩቶቹ ድምር)ሀ + (የሩቶቹ ብዜት) = 0። ድምሩ 5፣ ብዜቱ 6፤ ስለዚህ ሀ² − 5ሀ + 6 = 0። አለቀ።

አንዲት ተማሪ ግን ፎርሙላውን አልነካችውም። «ሀ = 2 ከሆነ ሀ − 2 = 0 ነው። ሀ = 3 ከሆነ ሀ − 3 = 0 ነው» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ሁለቱን አባዛቻቸው። መልሱ ያው ሀ² − 5ሀ + 6 = 0 መጣ። እኔ ምን አደረግኩ? አሠራሯ ላይ በቀይ ኤክስ አድርጌ ከ3 ማርክ 1 ሰጠኋት። «ቲቸር፣ መልሱ ትክክል አይደል እንዴ?» ብላ መጣች። «መልሱ ትክክል ነው፣ መንገዱ ግን የተማርነው አይደለም» አልኳት። ወረቀቷን አጥፋ ሄደች።

ዓመታት አልፈው የዚህን ትምህርት ታሪክ ሳነብ ነው ያ ወረቀት ትዝ ያለኝ።

ከሩቅ እንነሳ። ከዛሬ 3,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ ባቢሎናውያን የሒሳብ ጥያቄ በሸክላ ጽላት ላይ ይጽፉ ነበር። በአንዱ ጽላት ላይ ያለው ጥያቄ በኛ አባባል ይህን ይመስላል፦ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ 60 ይሆናሉ፣ አንዱ ከሌላው በ7 ይበልጣል፤ ቁጥሮቹ ማን ማን ናቸው? አሠራሩም አብሮ አለ። የ7 ግማሽ 3.5፣ በራሱ ሲባዛ 12.25፣ 60 ሲጨመርበት 72.25፣ የዚህ ስኩዌር ሩት 8.5። 3.5 ስንጨምርበት 12፣ ስንቀንስለት 5። ፈተና አውጥቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። እንዲህ ጥርት ብሎ የሚወጣ ቁጥር በአጋጣሚ አይገኝም፤ እኛ አስተማሪዎች መልሱን አስቀድመን ይዘን ነው ጥያቄውን የምንሠራው። ከሩት ወደ ኢኩዌሽን መሄድ ማለት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ባግዳድ። በ820 እ.ኤ.አ. አካባቢ አል ኽዋሪዝሚ «አልጀብራ» የሚለውን ስም ያወረሰንን መጽሐፍ ጻፈ። ምልክት የለም፣ ሁሉም በቃል ነው። «ሩት» የምንለው ስያሜም ከዚያው ዘመን የዓረብኛ ሒሳብ የመጣ ነው፤ ጂዝር ይሉታል፣ ሥር ማለት ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ በኛ አጻጻፍ ሀ² + 21 = 10ሀ ነው፤ መልሱ 3 እና 7። ልብ በሉ፦ 3 + 7 = 10፣ 3 × 7 = 21። ፎርሙላዬ እዚያው ቁጭ ብሏል! ሌላው ምሳሌው ግን ሀ² + 10ሀ = 39 ነው። ለዚህ የሰጠው መልስ 3 ብቻ ነው። ሌላኛው ሩት −13 ነው፤ በዚያ ዘመን ኔጌቲቭ ቁጥር እንደ መልስ አይቆጠርም። ታዲያ አንዱ ሩት ከጠፋ ድምሩም ብዜቱም ከየት ይመጣል?

ከዚያ ወደ ፈረንሳይ እንሂድ። ፍራንሷ ቪየት ጠበቃ ነው፤ ለንጉሡ የስፔንን ምስጢራዊ ደብዳቤዎች የፈታ ሰው። በ1591 ባሳተመው ሥራው ላልታወቀው ቁጥር አናባቢ ፊደል፣ ለታወቀው ተነባቢ ፊደል መጠቀም ጀመረ። በፊደል መጻፍ ሲቻል ነው ለሁሉም ኢኩዌሽን የሚሆን አንድ ሕግ መናገር የሚቻለው። በሩቶችና በኢኩዌሽኑ ቁጥሮች መካከል ያለውን ዝምድና አሳየ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። መጽሐፉ የታተመው ግን በ1615 ነው፣ እሱ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ። እሱም ቢሆን የቆጠረው ፖዘቲቭ ሩቶችን ብቻ ነበር። ኔጌቲቮቹንም ሌሎቹንም ጨምሮ ሕጉን ሙሉ ያደረገው አልበርት ዢራር ነው፣ በ1629።

አሁን ወደኔ ጥፋት ደረስን። በ1637 ሬኔ ዴካርት «ጂኦሜትሪ» የተሰኘውን ሥራውን በሆላንድ ሌይደን ከተማ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ኢኩዌሽን ከሩቶቹ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። የመረጣቸው ቁጥሮች 2 እና 3! ሀ − 2 = 0፣ ሀ − 3 = 0፤ ይባዙ፤ ሀ² − 5ሀ + 6 = 0። ቃል በቃል የዚያች ልጅ ወረቀት ማለት ይቻላል።

ዴካርት እዚያ አላቆመም። በሀ − 4 ሲያባዛው ሩቱ ሦስት ሆነ፦ ሀ³ − 9ሀ² + 26ሀ − 24 = 0። ከዚያ −5ን «የሐሰት ሩት» ብሎ ጠርቶ በሀ + 5 አባዛው፦ ሀ⁴ − 4ሀ³ − 19ሀ² + 106ሀ − 120 = 0። እያባዛችሁ አረጋግጡ። «ሐሰት» ይበለው እንጂ ኔጌቲቩ ቁጥር እንደ ሌሎቹ ቦታውን ይዞ ገባ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየትም በዚሁ በማባዛት መንገድ ሠርቷል፤ የሱም መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1631 ነው የታተመው።

የኔ ፎርሙላ ሁለት ሩት ላይ ይቆማል፤ የልጅቷ መንገድ ግን አይቆምም። በዚያ ላይ ሁሌ የምትሳሳቱባት የድምሩ ማይነስ ከየት እንደመጣች የሚያሳየው የሷ መንገድ ነው። ሩቶቹን ለ እና ሐ በሏቸውና (ሀ − ለ)(ሀ − ሐ)ን ዘርዝሩት፤ ሀ² − (ለ + ሐ)ሀ + ለሐ ይወጣል። ማይነሷ ራሷ ትመጣለች፣ ማንም መሸምደድ የለበትም። እኔ የሸመደድኩትን አስተማርኩ፤ እሷ ምክንያቱን አገኘች፤ ማርክ የቀነስኩት ግን ከሷ ነው።

አሁን ሳስተምር ከማባዛቱ እጀምራለሁ፤ ፎርሙላው በሁለተኛው ቀን ይመጣል። አንቺ ደግሞ ይህን ካነበብሽ ራስሽን ታውቂያለሽ፣ ስምሽን አልጽፍም። 2 ማርክ አለብኝ። ይቅርታ።

ለሌሎቻችሁ የቤት ሥራ፦ ሩቶቹ 4 እና −6 የሆኑትን ኢኩዌሽን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በፈለጋችሁት መንገድ ሥሩት፤ አሠራሩን ያሳየ ሙሉ ማርክ ያገኛል።